ሸክላውና ሸክላ ሠሪዋ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወጡ፣ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሴቶች እዚያ ከሸክላ ያልሠሩት ነገር የለም። ጀበናው፣ ምጣዱና እንስራው የዕለት ጉርስ ነበር። በኋላ ለቱሪስት የሚሸጡ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ምስሎች መጡ፤ ኦሪት ያቀፈ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የዳዊት ኮከብ ያረፈበት አንበሳ። ዓይንና አፋቸው በስንጥር ጫፍ የተጫረ ነው። አንዱን አንስቶ ላየ ሰው ግን ምስሉ መልሶ የሚያየው ይመስላል።

ገዢው ጀበናውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ቡናው ሲንተከተክ ደስ ይለዋል። ሠሪዋን ግን ቤቱ አያስገባትም፤ "ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል" ይላል። ባሏ የቀጠቀጠው ማረሻ የአገሩን መሬት ያርሳል፤ እሱ ራሱ ርስት የለውም። ይህ ለዘመናት ሲኖር ከገዢዎቹ ወገን "እንዴት ይሆናል?" ብሎ ያፈረ ሰው ብዙ አልነበረም።

ስለ ጥበብና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከድል ይጀምራል፦ ዘፈን ተዘፈነ፣ ሕዝብ ተነሣ፣ መንግሥት ተናወጠ። እኔ ከወለቃ መጀመሬ በምክንያት ነው። ማኅበረሰብ የእጅ ሥራውን እየወደደ የእጁን ባለቤት መራቅ ይችላል፤ ሁለቱ ነገሮችም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ። "ጥበብ ሰውን ያቀራርባል" የሚለውን ነገር ከመቀበላችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል። የወለቃ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እስራኤል ውስጥ፣ በተለይ በነታንያ፣ የሚታገሉት ከዚሁ ከድሮው ነገር ጋር ነው። ልዩነቱ አሁን የሚሸጡት ሸክላ ሳይሆን ዘፈን መሆኑ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነታንያ ከቴልአቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዲትራንያን ባሕር አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የሚያውቃት በባሕሯና ፈረንሳይኛ በሚሰማባቸው ካፌዎቿ ነው። እንደ ሄፍጺባ ባሉ ሰፈሮች ግን አማርኛና ትግርኛ ይሰማል፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ይመልሱላቸዋል። ከ10 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት ይህች ከተማ፣ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ናት።

ለምን ነታንያ? የሥራና የቤት ጉዳይ አለበት። ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። ዘመቻ ሙሴ በተባለው የአየር ማጓጓዝ ሥራ ከሱዳን የመጡት ቤተ እስራኤል ገና ዓመት ሳይሞላቸው፣ የእስራኤል ዋና ረቢነት አይሁድነታቸውን እንደሚጠራጠር ነገራቸው። ለማግባት ከፈለጉ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ተጠየቁ፤ ማለትም እንደ አዲስ ገቢ እንዲቆጠሩ። በ1985 መጸው ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ኢየሩሳሌም ከረቢነቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። "የመጀመሪያው ትውልድ ጨዋ ነበር፣ ዝም አለ፤ የጮኹት ልጆቹ ናቸው" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህ መቀመጥ ትዝ ይለኛል። ዝም አላሉም። የጮኹበት መንገድ የተለየ ስለነበረ ነው ጩኸቱ ያልተቆጠረላቸው።

ከረቢዎቹ መካከል ያለ ምንም ተጨማሪ ሥርዓት ሊያጋባቸው የተስማማው የነታንያው ዋና ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ነበር። ከመላ አገሪቱ ሙሽሮች ለጋብቻ ወደ እሱ መምጣት ጀመሩ። እንግዲህ እዚያ ዘመን የነበረን ሰርግ አስቡት። ከበሮው አለ፣ እልልታው አለ፣ ሙሽራዋን የሚያሞግሰው የሴቶቹ ዘፈን አለ፤ ጎንደር ላይ ከነበረው ብዙም አይለይም። ጎንደር ላይ ግን ያ ዘፈን ደስታን ብቻ ነበር የሚናገረው። እዚህ የአገሩ ከፍተኛ የሃይማኖት ባለሥልጣን "ማንነታችሁ ያጠራጥራል" ባለበት ወቅት፣ በአያቶች ዜማ፣ በአያቶች ቋንቋ መዳር "እኛ ስንሆን የኖርነውን ነን" ማለት ነው። ከበሮ የምትመታው ሴትዮ ፖለቲካ እየሠራሽ ነው ቢሏት ትስቅ ነበር። የእኔ እምነት ግን ከብዙ መፈክር የበለጠ ሥራ ሠርታለች የሚል ነው። ከሷ በኋላ መድረክ የወጡት ልጆች የመጀመሪያውን ዜማ የሰሙት ከመዝገብ ቤት አይደለም፤ እንደሷ ካሉ ሴቶች ነው።

መድረኩ ላይ የመውጣቱ ነገር ግን በሌላ ሰው በኩል ነበር የተጀመረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽሎሞ ግሮኒክ የሚባለው እስራኤላዊ የዜማ ደራሲ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን አሰባስቦ "የሳባ መዘምራን" የሚል ቡድን ይዞ ወጣ። በሱዳን በኩል በእግር የተደረገውን ጉዞ የሚተርከው ዘፈናቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች 4 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ብዙ እስራኤላዊ ይህን ያወቀው ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም፣ ከዚያ ዘፈን ነው። ታላቅ ሥራ ነው። ዜማውም ግጥሙም ግን የልጆቹ ወገን የጻፈው አልነበረም። ልጆቹ ድምፃቸውን ነው የሰጡት። ሰሚውም ያለቀሰው ለሚያሳዝኑ ትንንሽ ልጆች ነው፤ ለነገ ጎረቤቱ፣ ሥራ ለሚፈልገው፣ ቤት ለሚከራየው ጎልማሳ አልነበረም።

በ2002 ደግሞ ኢዳን ራይሄል መጣ። በወጣትነቱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባሉበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ስለነበረ ካሴታቸውን ሰምቷል፣ ቋንቋቸውን ለምዷል። የአማርኛ ዜማና ቃል ከዕብራይስጥ ጋር ያዋሐደበት አልበሙ የአገሪቱን ሬዲዮ ተቆጣጠረ። ሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደችው ካብራ ካሳይ ከእሱ ጋር በዓለም መድረኮች ዘፈነች። "የሌላውን ባህል ወሰደ" ብለው የሚከሱት አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። በታክሲ ውስጥ አማርኛ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ የነበረ ልጅ፣ የታክሲው ሬዲዮ አማርኛ ሲዘፍን ሲሰማ የሚሆነው ነገር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የራይሄል ነበር። ጀበናው በየቤቱ ገባ፤ ሠሪዋ ገና ደጅ ናት።

እዚህ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መለስ ልበል፤ ነገሩ በንጽጽር ስለሚገለጥ። የእኛ አገር መንግሥታት ከጥበብ ጋር የነበራቸው ጠባይ ግልጽ ነበር፦ ይፈሩታል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአውሬዎች ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ምግባር የሚነካ ተውኔት ቢያሳዩ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ራሱ ተከለከለ። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ ታሰረ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲገደል አገር ተናወጠ። ዘፋኝ በሚታሰርበት አገር ዘፈን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ አሳሪው ራሱ ይመሰክራል። አድማጩም ሰምና ወርቅ ፈልቅቆ መስማት ለምዷል፤ የፍቅር ዘፈን እየሰማ ስለ ቤተ መንግሥት ያወራል።

እስራኤል ውስጥ የነታንያ ልጆች የገጠማቸው ሌላ ነው። ማንም ዘፈናቸውን አልከለከለም። ተጨበጨበላቸው፣ ተሸለሙ፣ ቴሌቪዥን ጋበዛቸው። እስር ቤትን መቃወም ይቻላል። ጭብጨባን እንዴት ይቃወሙታል? "ይኸው እየወደድናችሁ፤ ደግሞ ዘረኝነት የምትሉት ምንድን ነው?" ለሚል ሰው መልሱ ምንድን ነው? ከሁለቱ ሁለተኛው የከበደ ይመስለኛል።

ከነታንያ የወጡት ሥራዎች መልስ መስጠት የጀመሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። አስቴር ራዳ ኪርያት አርባ ተወልዳ ነታንያ ያደገች ዘፋኝ ናት። በ2013 የመጀመሪያ ሥራዋን፣ በ2014 ደግሞ በስሟ የተሰየመውን አልበም አወጣች። የምትዘፍነው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሙሉቀን መለሰ ዘፈኖች አንዱን፣ "ናኑ ናኑ ነይ"ን ግን በአማርኛ ተጫወተችው። ሙሉቀን ይህን ሲዘፍን እሷ አልተወለደችም። አገሩንም የምታውቀው ከእናቷ ቤት ነው። ሆኖም ዘፈኑን ስትይዘው እንደ ቅርስ በመስታወት ሣጥን አላስቀመጠችውም። ጡሩንባዎቹን አጠነከረች፣ ከበሮውን ወደ ሶልና ወደ አፍሮቢት ሳበችው፣ ከወጣቱ ጋር እንዲጨፍር አደረገችው። ቀጥሎ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የኒና ሲሞንን ዘፈኖች አንሥታ ለብቻቸው አወጣች። ይህ ምርጫ በድንገት የተደረገ አይመስለኝም። ኒና ሲሞን በ1963 የጥቁሮች መብት ታጋዩን የሜድጋር ኤቨርስን ግድያና በበርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን አራት ልጃገረዶች በቦምብ መገደላቸውን ከሰማች በኋላ፣ የሚያምሩ ዘፈኖችን ለሚያማምሩ አዳራሾች መዝፈን ብቻ አልበቃትም፤ በቁጣ የተሞላ ዘፈን ጻፈች፣ አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎችም አናጫውትም አሉ። አስቴር በዜማ ዘመዷ አድርጋ የመረጠችው ይህችን ሴት ነው። ከጎንደር አያቶቿና ከአሜሪካ ጥቁሮች አንድ የትውልድ ሐረግ ሠራች፤ ፈቃድ የጠየቀችውም ሰው የለም።

ኡሪ አለሙና ኢላክ ሳህሉ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው፣ የነታንያ ልጆች። "ካፌ ሻሆር ሐዛቅ"፣ ማለትም ጠንካራ ጥቁር ቡና፣ በሚል ስም በሰፈር ዕብራይስጥ ራፕ ይሠራሉ። እነሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ለቅሶ ይጠብቃል። ለቅሶ የለም። ቀልድ አለ፤ የሰፈሩ ሰካራም፣ ሥራ ፈቱ፣ ፖሊሱ፣ የእናት ምክር፣ ሁሉም በቀልድ ይገባሉ። ይህን ከአዝማሪ ቤት አውቀዋለሁ። አዝማሪ ግብር ላይ ጌታውን እየነካካ፣ ሰውን እያሳቀ፣ የተነካውን ሰው ራሱን ሸላሚ ያደርገዋል። ሰሚው መጀመሪያ ይስቃል፤ በምን እንደሳቀ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው። ልጆቹ አዝማሪን አስበው ይሥሩት አይሥሩት ለውጥ የለውም፤ የሳባ መዘምራን ያስለቀሱት ሕዝብ ልጆች አሁን ከነሱ ጋር ይስቃሉ። ስለ ሰው ማልቀስ ከላይ ወደ ታች ሊሆን ይችላል። አብሮ ለመሳቅ ግን እኩል መቀመጥን ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎዳናው በራሱ መንገድ ይሄድ ነበር። በየካቲት 2013 ነታንያ ያደገችው ይታይሽ (ቲቲ) አይናው የእስራኤል ወይዘሪት ተብላ ዘውድ ጫነች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተወለደች ሴት የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ወር ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬስ ለባራክ ኦባማ ባዘጋጁት እራት ላይ ተጋበዘች። ጋዜጦቹ "ደረስን" አሉ። በሚያዝያ 26 ቀን 2015 ሆሎን ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ ኢትዮጵያዊ ወታደር፣ ደማስ ፈቃደ፣ በፖሊሶች ሲደበደብ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው። ወታደሩ ሲመታ ማንም ካብራ ካሳይን፣ ማንም ቲቲን አላስታወሰም።

በሚያዝያ 30 ኢየሩሳሌም፣ በግንቦት 3 ቴልአቪቭ ሺዎች ወጡ። የአያሎን አውራ ጎዳና ተዘጋ፣ ሌሊቱ በአስለቃሽ ጭስና በድንጋይ አለፈ። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የሚመሩት ኮሚቴ ዘረኝነት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ መኖሩን በግልጽ ያመነ፣ ከ50 በላይ ምክረ ሐሳቦች የያዘ ሪፖርት አወጣ፤ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍልም በሚኒስቴሩ ተቋቋመ፣ ኃላፊነቱም ለሕግ ባለሙያው አወቀ (ኮቢ) ዜና ተሰጠ። እውነቱን እንነጋገር፦ ሪፖርቱን ያመጣው ዘፈን አይደለም። የተዘጋው አስፋልት ነው። ከዚያ በፊት በጥር 1996 ቤተ እስራኤል የሚለግሱት ደም በስውር እንደሚደፋ ጋዜጣ ሲያጋልጥ፣ ኮሚሽን ያስቋቋመው 10 ሺህ ያህል ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት መውጣቱ ነበር። በሰኔ 30 ቀን 2019 ሰለሞን ተካ የሚባል ወጣት ኪርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ በተተኮሰ ጥይት ሲሞትም እንዲሁ አገሩ በመንገድ መዝጋት ተናጠ። ዘፋኞቻችንን የምንወድ ሰዎች ይህን መቀበል አለብን፤ ጥበብ ሚኒስትር አያንበረክክም።

ታዲያ ጥበብ ምን ሠራ? መጀመሪያ፣ መንገዱን የዘጉትን ልጆች ሠራ። የ1985ቱ ሽማግሌዎች የጠየቁት "አይሁድ መሆናችንን እመኑልን" ብለው ነው። የ2015ቱ ልጆች "እመኑልን" አላሉም፤ የሚናገሩት የአገሩን ዕብራይስጥ፣ የሚይዙት መፈክር የአሜሪካ ጥቁሮችን ትግል የሚያስታውስ፣ ንግግራቸውም ቀጥ ያለ ነበር። ያን አነጋገር ያስተማራቸው ትምህርት ቤት የለም። በጆሯቸው ላይ ከነበረው ሙዚቃ ነው የተማሩት።

ከሰልፉ በኋላም ሥራ ነበር። የደማስ ቪዲዮ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው፤ ዜናው በሳምንት ያረጃል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነቷ የመጣችው ሠዓሊ ኒሪት ታከለ ያን ድብደባ በሸራ ላይ ሣለችው። የሷ ሰዎች አካላቸው ክብ፣ ግዙፍ፣ እንደ ተለሰለሰ ድንጋይ ነው፤ እጅና እግራቸው እርስ በርስ ይቆላለፋል፣ የትኛው የመቺ የትኛው የተመቺ እንደሆነ ለመለየት ዓይን ጊዜ ይፈልጋል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ተናዶ ያልፋል። ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው እዚያው ይቆያል፤ ማለፍም ይከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል። ወደ ውጭ ብቻ የሚጮኽ ጥበብ ግማሽ ሥራ ነው። ባዚ ጌጤ በ2014 የሠራው "ቀይ ቅጠሎች" የተባለው ፊልም አንድም ፖሊስ አይከስም። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት እየዞረ ሊኖር ይነሣል፤ የትም ቦታ የለውም፣ እሱም ዘመኑ መለወጡን አይቀበልም። ሽማግሌውን የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው፣ በአገሩ በፖለቲካ ምክንያት እስር ቤት የገባው ተዋናይ። ፊልሙ በውጭ ተመልካች ፊት ቢያሳፍርም "ገመናችንን አወጣብን" የሚል ሰው ተሳስቷል። ሌላው እንዲያከብረን የምንጠይቀው ሽማግሌ በራሳችን ቤት ምን ክብር እንዳለው መጠየቅ የዚያው ትግል አካል ነው። የዓለምወርቅ ዳዊድያን "የበለስ ዛፍ" (2018) ደግሞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ 1989 ይመለሳል፤ የሚወስደን ወደ አፈሳው ዘመን ነው። ፊልሙ በአማርኛ ነው። የእስራኤል ሲኒማ በአማርኛ ተናግሮ ቶሮንቶ ላይ ሲሸለም፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሠሪዋ ነበር።

እንግዲህ በነታንያም ሆነ በሌላ ከተማ ለምትኖር አማርኛ አንባቢ የምለው አለኝ። የልጅ ልጅህ ስልኩን ይዞ የሚያንጎራጉረውን የዕብራይስጥ ራፕ "ጫጫታ" ብለህ አትለፈው። ቡና ሲፈላ አጠገብህ አስቀምጠውና መስመር በመስመር ተርጉምልኝ በለው፤ ያፍር ይሆናል፣ ስድቡን ይዘል ይሆናል፣ ግን ይተረጉማል። አንተም በተራህ እናትህ ሰርግ ላይ ትዘፍነው የነበረውን ንገረው፣ በስልኩም ይቅዳው። ሲቀዳም የዘፋኟን ሙሉ ስም፣ የተወለደችበትን መንደርና ወደ እስራኤል የመጣችበትን ዓመት አብሮ ይጻፍ።